ፓርክ ሱቅ አይደለም

«ፓርኮቻችን ራሳቸውን መቻል አለባቸው።» ይቺን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ የለም። በስብሰባ አዳራሽ ትነገራለች፣ በመግለጫ ትደገማለች፣ ሻይ ቡና እያልን ስለ ቱሪዝም ስናወራም ከአንዳችን አፍ አትጠፋም። ስትሰማ ደግሞ ምክንያታዊ ትመስላለች። ፈረንጅ ይመጣል፣ በር ላይ ይከፍላል፣ በዚያ ገንዘብ ስካውቱ ደመወዙን ያገኛል፣ ዋልያው ይጠበቃል፣ መንግሥትም ከወጪ ይገላገላል። ገንዘቡ ካነሰ ዋጋ መጨመር ነው። በቃ። ምን ችግር አለው?

ችግሩ ይህ ሐሳብ ፓርክን ሱቅ ማድረጉ ነው። ሱቅ ገበያ ሲጠፋ ይዘጋል። ባለሱቁ በሩን ቆልፎ ቤቱ ይገባል፤ ዕቃው መደርደሪያው ላይ እንዳለ ይጠብቀዋል። ፓርክ ግን የሚቆለፍ በር የለውም። ጎብኚ በቀረበት ቀን አዳኝ አይቀርም፣ መጥረቢያ አያርፍም፣ እሳትም «ዘንድሮ ገቢ የለም» ብሎ አይምርም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጦርነት፣ ወረርሽኝ፣ የመንገድ መዘጋት፣ ጎብኚን የሚያስቀሩት ነገሮች ሁሉ ጥይትና ረሃብን ወደ ፓርኩ የሚያስጠጉ ናቸው። ስለዚህ በመግቢያ ገንዘብ ብቻ የሚኖር ፓርክ ጥበቃ በጣም በሚያስፈልገው ቀን ባዶ ኪሱን ይገኛል። እኔ የምከራከረው ገንዘቡ አነሰ ብዬ ብቻ አይደለም። ቢበዛም ጠባዩ ለዚህ ሥራ አይሆንም ነው የምለው።

የሰሜን ተራሮችን እንውሰድ። ይህ ፓርክ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው፤ ላሊበላም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ ለመውጣት እስከ 2017 ድረስ 21 ዓመት ፈጅቶበታል። ምን አወጣው? ወሰኑ ሰፋ፣ መንገዱ ሌላ አቅጣጫ ተፈለገለት፣ የግጦሹን ጫና ለመቀነስ ተሠራ፣ መንደር ተነሣ። ይህ ሁሉ የሆነው በመንግሥት በጀት፣ በውጭ ድጋፍና በነዋሪው መሥዋዕትነት ነው። ደባርቅ ላይ በተቆረጠ ትኬት አይደለም።

ከመዝገቡ ከወጣ በኋላስ? በ2011 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ጓሳውንና አስታውን በላ። የአካባቢው ሰው ቅጠልና አፈር ይዞ ገደል ለገደል ተሯሯጠ። ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያ ከእስራኤል መጣ። በ2012 ኮሮና ገባና የቱሪስቱ እግር ተቆረጠ። በ2013 ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ ከወራት በኋላ ግንባሩ እስከ ደባርቅ አካባቢ ተጠጋ። ሰላም ወረደ ሲባል በ2015 መጨረሻ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። በእነዚህ ዓመታት በቅሎ አከራዩ፣ ምግብ አብሳዩና አስጎብኚው ሥራ ፈቱ። ያሳዝናል፤ ግን የእነሱ ሥራ በባሕርዩ ከጎብኚው ጋር የሚመጣና የሚሄድ ነው። የስካውቱ ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። መሣሪያ በየቤቱ በበዛበት፣ እህል በጠፋበት፣ ሕግ በላላበት ወቅት ነው ዋልያ ጠባቂ የሚያስፈልገው። እስቲ ንገሩኝ፣ በእነዚያ ዓመታት የስካውቱ ደመወዝ ከትኬት ይምጣ የሚለው ሰው ገንዘቡን ከየት ሊያመጣ ነበር?

ይህ እንግዲህ በመላው ዓለም የታወቀው ፓርካችን ነው። ከ20 በላይ ብሔራዊ ፓርኮች አሉን፤ አብዛኞቹን ጎብኚ በስማቸው እንኳ አያውቃቸውም። ጋምቤላ በየዓመቱ ከደቡብ ሱዳን ጋር እየተመላለሰ የሚሰደደው የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋ በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ የእንስሳት ፍልሰቶች አንዱ ነው። በሩ ላይ ግን ተሰልፎ ትኬት የሚቆርጥ የለም። በሱቅ ሒሳብ ከሄድን ጋምቤላ ኪሳራ ነው፤ ይዘጋ። ባቢሌም ዝሆኖቹን ይዞ ይዘጋ። ይህን በአደባባይ የሚል ደፋር የለም። ነገር ግን «ራሳቸውን ይቻሉ» ማለት ሲተረጎም ይኸው ነው።

«እሺ፣ ታሪፉ ስለረከሰ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት አለው። የሰሜን ተራሮች መግቢያ ለውጭ ሀገር ጎብኚ ለብዙ ዓመታት በቀን 90 ብር ነበር። በ2000 ዓ.ም. 90 ብር ዘጠኝ ዶላር ገደማ ነበር፤ ያው 90 ብር ከአሥር ዓመት በኋላ ከሦስት ዶላር ብዙም አይበልጥም። በሺህ ዶላር የአውሮፕላን ትኬት ገዝቶ የመጣን ሰው በሦስት ዶላር ተራራ ማሳየት ቸርነት አይባልም፣ ዝርክርክነት ነው። ታሪፍ ይስተካከል፤ በዚህ አልጣላም። ግን የተስተካከለው ታሪፍ የት ይሄዳል? በፌዴራል ደረጃ በሚተዳደሩት ፓርኮች በር ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ፣ ለረጅም ጊዜ በኖረው አሠራር፣ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት የሚገባ ነው። ፓርኩ በጀቱን የሚያገኘው እንደማንኛውም መሥሪያ ቤት ተጨቃጭቆ ነው። ትኬት ቆራጩ ገንዘቡን ይቆጥራል፣ ያስገባል፤ ስካውቱ ግን ጫማው ተቀዶ ይቀራል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ደግሞ «ሌላው ሀገር እኮ ይሠራል» ይሉናል። የትኛው ሀገር? አሜሪካ? ቨርጂኒያ ያለ ዘመዳችሁ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ሼናንዶዋ ፓርክ ሲሄድ ለመኪናው 30 ዶላር ይከፍላል። ያንን አይቶ አሜሪካኖቹ ፓርካቸውን በበር ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። በብሔራዊ ፓርክ አገልግሎቱ ሥር ካሉት ከ400 በላይ ቦታዎች አብዛኞቹ መግቢያ አያስከፍሉም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሕግ ከሚሰበሰበው ክፍያ ቢያንስ 80 በመቶው እዚያው በተሰበሰበበት ፓርክ እንዲቀር ያደርጋል። በ2024 ብቻ ከ331 ሚሊዮን በላይ ጉብኝት ተመዝግቧል። ይህ ሁሉ ተደምሮ የክፍያው ገቢ የአገልግሎቱን ዓመታዊ በጀት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሌላው በዋነኛነት ከግብር ከፋዩ ነው የሚመጣው። እንዲያም ሆኖ ያልተጠገነው መንገድ፣ ድልድይና ቧንቧ ዕዳ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተከማችቷል። እንዲህ ያለ ጎብኚ ያለው ሀገር በበር ገንዘብ ካልተቻለው እኛ በምን ተአምር ይቻለናል?

ሩዋንዳም ትጠቀሳለች። እውነት ነው፣ ጎሪላ ለማየት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ 1,500 ዶላር ታስከፍላለች። ደስ የሚል ነው፤ ሙያም ነው። ግን ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ጎሪላን ለማየት ሌላ የሚኬድበት ሀገር በጣት የሚቆጠር ነው። ሁለተኛ፣ መንገዱ ሰላም ነው፤ ከአውሮፕላን ወርዶ ተራራው ሥር ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሦስተኛውን ደግሞ የእኛዎቹ አድናቂዎች አያነሱትም፦ ሩዋንዳ ከፓርክ ቱሪዝም ገቢዋ 10 በመቶውን በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ ትሰጣለች። ዋጋውን አይተን የምንቀና፣ ክፍፍሉን ግን የማናይ ከሆነ ከሩዋንዳ የተማርነው ነገር የለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ፓርክ የሚሰጠው ምንድን ነው? ጎብኚው የሚወስደው ፎቶ ነው። ፎቶ ደግሞ ፓርኩ ከሚሰጠው ሁሉ ትንሹ ነው።

የባሌ ተራሮችን ያዩ ያውቁታል። ሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን ይታያል፤ በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያ ናቸው። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን፣ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሐረና ጫካ አለ። ለዚህም ነው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው። ትልቁ ስጦታው ግን በፎቶ አይወጣም። ከዚያ አምባና ጫካ ዋቤ ሸበሌ፣ ገናሌ፣ ወይብ፣ ወልመልና ዱማል ውሃ ይቀዳሉ። ይህ ውሃ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ እስከ 12 ሚሊዮን ለሚገመት ሕዝብ ሕይወት ነው። ጎዴ ላይ ግመሉን የሚያጠጣው አርብቶ አደር ሳነቴን ረግጦ አያውቅም፤ ትኬትም አይቆርጥም። ግን የተራራው ዋነኛ ደንበኛ እሱ ነው።

እሱ ይክፈል እያልኩ አይደለም። መክፈል የሚችሉ ሌሎች አሉ። ዋቤ ሸበሌ ላይ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው መልካ ዋከና አለ። ገናሌ ላይ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው 254 ሜጋ ዋት ገናሌ ዳዋ 3 አለ። እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ገናሌ ዳዋ 3 በዓመት አንድ ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ያመርታል እንበል፤ ይህ ዓመቱን ሙሉ ሳይቆም ቢሠራ ከሚሰጠው ከግማሽ በታች ነው። በእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ላይ 5 ሳንቲም ለተራራው ቢታሰብ በዓመት 50 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ያንኑ ገንዘብ ከበር ለማግኘት እያንዳንዳቸው 500 ብር የሚከፍሉ 100,000 ጎብኚዎች ያስፈልጋሉ። ጦርነት ሲመጣ መቶ ሺው ጎብኚ ይጠፋል። ውሃው ግን ይወርዳል፣ ተርባይኑም ይዞራል።

ይህ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አይደለም። ኮስታሪካ የምትባለው ትንሽ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው የደን ሕግ ጫካውን ለሚጠብቅ ባለመሬት መክፈል ጀመረች፤ ዋናው የገንዘብ ምንጭ ነዳጅ ላይ የተጣለ ግብር ነበር። መኪና የሚነዳው ሁሉ፣ ጫካ ገባም አልገባም፣ ለጫካው ያዋጣል። እኛ ጋ ግን የአዋሽ ፓርክን ተመልከቱ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አውራ ጎዳና ፓርኩን ሰንጥቆ ያልፋል። የሀገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ ትልቁ ክፍል ቀንና ሌሊት በዚያ ይመላለሳል። ሳላ ለማየት በር ላይ ቆሞ የሚከፍለው ከአዲስ አበባ የሄደ ቤተሰብ ነው። በሳላው ግዛት መሐል ተሳቢ ጭኖ የሚከንፈው ግን ለፓርኩ ብሎ የሚከፍለው ነገር የለም። በእግሩ ቀስ ብሎ የሚያየው ይከፍላል፤ ሲበር የሚያልፈው በነፃ። ይህ ፍርድ ነው?

ከሁሉም በላይ ከፍሎ ስሙ የማይጠራ ደግሞ አለ። የግጭ መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ፤ ከ400 በላይ አባወራ ነው። ካሳ ተሰጥቷቸዋል፣ ቤትም ሠርተዋል። ቢሆንም የአባት መቃብር፣ የገብስ ማሳና የልጅነት መንገድ በካሳ ሠንጠረዥ ላይ ቦታ የላቸውም። ጎብኚው ለመግባት ይከፍላል፤ የግጭ ገበሬ ለመውጣት ከፍሏል። ስለ ፓርክ ገንዘብ ስናወራ ከዚህ ሰው ሒሳብ ካልጀመርን ሒሳባችን ከመነሻው የተጭበረበረ ነው። ጎረቤቱ ከፓርኩ የሚያገኘው ነገር ከሌለ ደግሞ ምንም ያህል ስካውት ብንቀጥር ተራራው አይጠበቅም።

ይህን አባቶቻችን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። መንዝ ጓሳን እዩ። በዚያ አምባ ላይ የአካባቢው ሰው ለመቶዎች ዓመታት የራሱን ሕግ አውጥቶ ሳሩን ጠብቋል። ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ በሥርዓት ይከፈታል፤ ለጣራ ክዳን የሚሆነው ይታጨዳል፣ ከብት ይሰማራል። ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እዚያ የቆዩት ትኬት ስለተቆረጠ ሳይሆን፣ ጠባቂውና ተጠቃሚው አንድ ሰው ስለነበረ ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ ያ ሥርዓት ተናጋ፤ ኋላም ሕዝቡ በማኅበር መልሶ ሊያቆመው ተነሣ። በር የለውም፤ ባለቤት ግን አለው።

«ለምን ለጋሾች አይሸፍኑትም?» የሚሉም አሉ። ለጋሽን አላጣጥልም፤ በባሌ ለረጅም ዓመታት የቆዩ፣ ሥራቸው የሚታይ አሉ። ግን አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ነጭ ሳርን፣ ቀጥሎም ኦሞን ተረከበ፤ በ2008 ሁለቱንም ትቶ ወጣ። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለእኔ ትምህርቱ አንድ ነው፦ የመጣ ሊሄድ ይችላል። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

«ሎጅ እንሥራ» የሚሉትም ይሰሙ። በጨበራ ጩርጩራ የዝሆን ዳና ሎጅ ተሠርቷል፤ ያማረ ነው፣ ለአካባቢው ሰውም ሥራ ነው። ነገር ግን ሎጅ ለመኝታ ነው። የሎጁ ገቢ በሕግ የታሰረ ድርሻ ለፓርኩ ካላመጣ በቀር ዝሆኑ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ደግሞም ሎጅም ከጎብኚ ነው የሚኖረው፤ ጎብኚ በቀረ ቀን ሁለቱም አብረው ይራባሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ በየሰፈራችን አለ፤ እድር ይባላል። እድር ሰው በሞተ ቀን ድንኳን በር ላይ ቆሞ «ለመግባት ክፈሉ» አይልም። በየወሩ፣ ከሁሉም፣ ሳይሞት በፊት ይሰበስባል። ዘንድሮ ለቅሶ ያልደረሰበትም ይከፍላል። ስለዚህ ክፉ ቀን ሲመጣ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም ተዘጋጅቶ ይገኛል። ፓርክ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ መዋጮ ነው።

አንደኛ፣ የስካውቱ ደመወዝ፣ ጫማው፣ ሬዲዮው፣ የተሽከርካሪው ነዳጅ ከመንግሥት በጀት ይምጣ፤ ጎብኚ መጣ ቀረ ሳይባል። ድንበር የሚጠብቅን ወታደር «ደመወዝህን ከመንገደኛ ሰብስብ» አንልም። ሁለተኛ፣ ውሃውን ወደ መብራትና ወደ መስኖ የሚቀይሩት፣ መንገዱን የሚጠቀሙት ትልልቅ ተቋማት በአሃድ የታሰበች ትንሽ ድርሻ በሕግ ይክፈሉ። ሦስተኛ፣ የማይነካ ጥሪት ይቀመጥ። ኡጋንዳ ለብዊንዲ ጫካ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ እንዲህ ያለ አደራ ገንዘብ አቋቁማለች፤ ዋናው ይቀመጣል፣ ትርፉ ይሠራበታል። አራተኛ፣ የበሩ ገንዘብ እዚያው ይቅር፤ ትልቁ ድርሻም ለጎረቤቱ ይሂድ። ያን ጊዜ ጎብኚ ሲበዛ ጎረቤቱ ይጠቀማል፤ ሲቀር ይጎዳል፣ ጥበቃው ግን አይቆምም። ትኬት ለዚህ ነው የሚሆነው፤ ለጉርሻ እንጂ ለእንጀራ አይደለም።

ሁለት ተቃውሞ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ «ሆስፒታል መድኃኒት አጥቶ ለቀበሮ በጀት?» የሚለው ነው። ከባድ ጥያቄ ነው፤ በፌዝ አይታለፍም። ግን በጀቱ ለቀበሮ ብቻ አይደለም። ተራራው ሲራቆት ወንዙ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይደርቃል፤ ግድቡ በደለል ይሞላል፤ ቆላ ያለው ሰው ይሰደዳል። የዚያን ጊዜ የምናወጣው የዕርዳታ እህልና የውሃ ቦቴ ወጪ ከስካውት ደመወዝ ጋር አይወዳደርም። ጥፋቱ በአንድ ቀን ስለማይታይ ብቻ ነው ርካሽ የሚመስለን፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው።

ሁለተኛው፣ «ገንዘቡ ቢመጣም ይበላል» የሚለው ነው። ሊበላ ይችላል። ለዚህም እድር መልስ አለው፤ ሒሳቡ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይነበባል፣ ቆሞ የሚጠይቅ ሽማግሌም አይጠፋም። የእያንዳንዱ ፓርክ ገቢና ወጪ በየዓመቱ ደባርቅ፣ ዲንሾ፣ አርባ ምንጭ ላይ፣ ሰው በሚያነበው ሰሌዳ፣ በሚገባው ቋንቋ ይለጠፍ። ይበላል ብሎ አለማዋጣት ግን ሌባ ፈርቶ ቤት አለመሥራት ነው።

ከእንግዲህ «ፓርኮቻችን ራሳቸውን ይቻሉ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት። ተራራው ውሃውን፣ መብራቱንና ዝናቡን ሲሰጠን ሒሳብ ልኮብን ያውቃል? እስከ ዛሬ ራሳችንን ያልቻልነው እኛ ነን፤ ተራራውማ ችሎናል።